ስለ ኦራላችን፤ ከመሸጣችን በፊት ምንነቱን እንወቅ

(የማኅበሩ ፀሐፊ በወሩ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። ለስብሰባው ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም ከድንኳን ማስቀመጫው ጀርባ የቆመው አሮጌ የጦር ካሚዮን ነው። ልጆቹ «ኦራል» የሚሉት፣ ዶሮዎች የሚያድሩበት፣ ክረምት ሲመጣ እማማዎቻችን ከሥሩ ከሰል የሚያስጠልሉበት መኪና ማለት ነው።

ሁላችሁም እንደምታስታውሱት፣ ባለቤቱ የነበሩት አባላችን ሲያርፉ ቤተሰቦቻቸው መኪናውን ለማኅበሩ ሰጥተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተሰቡም በድጋሚ ምስጋና ይድረሰው። ታዲያ ስጦታውን ከተቀበልን ወዲህ መስማማት አልቻልንም። አንዱ ወገን «ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጥና ገንዘቡ ይግባ» አለ። ሌላው «አስጠግነን ውኃ ማመላለሻ እናድርገው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «የጦር ሜዳ መታሰቢያ ነው፤ አይነካ» አለ። ያለፈው ስብሰባ በጩኸት ነው የተበተነው። እኔም ከጮሁት አንዱ ነበርኩ። የውኃውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔው ራሴ መሆኔን ቃለ ጉባኤው ይመሰክርብኛል።

ኮሚቴው «አንተው አጥንተህ ንገረን» ብሎ ስላዘዘኝ፣ ያገኘሁትን ላቀርብላችሁ ነው የቆምኩት። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል መሆኑን ታውቃላችሁ። ኢንጂነር አይደለሁም። ነገር ግን አባቴ የዚህ መኪና ሹፌር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ከነመለዮው በእግሩ ልደታ ገባ። ከዚያ በኋላ ካሚዮን ነድቶ አያውቅም፤ ተራ ሸክም ነበር የሚሠራው። እኔም ከትምህርት ቤት የወጣሁት በዚያው ምክንያት ነው። ማታ ማታ ግን አጠገቡ ሲያስተኛኝ ተረት አልነበረም የሚነግረኝ፤ የመኪናውን ቁጥር ነበር። «መቶ ሰማንያ ፈረስ፤ ሦስት መቶ ስልሳ ሊትር፤ አሥራ አራት በሃያ ጎማ» እያለ። ትርጉሙን ሳላውቅ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት። አሁን ለዚህ ጉዳይ ሲፈለግ፣ ከመካኒኮች ጋር ሆኜ በሜትርና በመጽሐፍ አመሳከርኩት። አባቴ አልዋሸኝም።

ስሙና ትውልዱ

«ኦራል» ስንል በአፋችን ያለሳለስነው ስም ነው። ትክክለኛው ኡራል ነው። በሩሲያ አገር ያሉ ተራሮች ስም ሲሆን ፋብሪካው ያለው በዚያው አካባቢ ሚያስ በምትባል ከተማ ነው። ፋብሪካው የተቋቋመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲጠጉ የሞስኮው የመኪና ፋብሪካ መሣሪያ ተነቅሎ ወደዚያ ስለተዛወረ ነው። የእኛው ዓይነት ኡራል 375 ይባላል። መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961፣ በእኛ በ1953 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ «ዲ» የሚል ፊደል ተጨምሮበት ተሻሻለ። የመጀመሪያው ጋቢና ጣራው ሸራ ነበር፤ የ«ዲ»ው ግን ሙሉ በሙሉ ቆርቆሮ ነው። የእኛው ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ 375 ዲ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

አንዳንድ አባሎች «ናፍጣ ነው» ብለው ተከራክረውኝ ነበር። ኦራል ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ የወጣው ኡራል 4320 ባለ 210 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር አለው። የእኛው ግን የቤንዚን ነው። ለማወቅ ቀላል ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፤ ካንዴላና ካርቡራተር ካያችሁ ቤንዚን ነው። ከፍተን አየን፤ ስምንቱም ካንዴላ በቦታው አለ።

እንዴት ወደ አገራችን መጣ

እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ የጦራችን ካሚዮን በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጣው ሁለት ቶን ተኩል የሚባለው ነበር። በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ጋር የነበረው ዝምድና ተበላሸ። በሐምሌም የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ ሶቪዬት ኅብረት በአውሮፕላንና በመርከብ ብዙ መሣሪያ ላከች። ታንክና መድፍ ብቻ አልነበረም፤ ካሚዮኑም አብሮ ነው የመጣው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ሲለቀቅ፣ ጦሩን፣ ጥይቱን፣ ውኃውንና እንጀራውን ያደረሰው ማን ነው ብትሉ እንዲህ ያሉ ካሚዮኖች ናቸው። ጄኔራሎቹ በታሪክ ተጽፈዋል። ሹፌሮቹ ግን አልተጻፉም።

ቢኤም 21 የሚባለውን ሮኬት የምታስታውሱ አላችሁ። አርባ ቱቦ ተሸክሞ በሃያ ሰኮንድ ውስጥ አርባውንም የሚለቅ፣ 20 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መሣሪያ ነው። ያ መሣሪያ የተጫነው በዚሁ በ375 ዲ ሻንሲ ላይ ነው። ስለዚህ ከድንኳን ቤታችን ጀርባ የቆመው የዚያ መሣሪያ ወንድም ነው። የእኛው ግን ጭነት ብቻ የጫነ ነው፤ ይህን ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኝ ስለነበር ነው የምናገረው። የሮኬት ማሰሪያ ምልክት ሻንሲው ላይ የለበትም።

በዚያው ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን ኢፋ የሚባለው ካሚዮንም ገብቷል። የኢፋው ታሪክ ለእኛ ለቡና ጠጪዎች የሚገርም ነው። በ1969 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ሲንር ምሥራቅ ጀርመኖች ቡና አጡ፤ የውጭ ምንዛሪም አልነበራቸውም። ስለዚህ የእኛን ቡና በመሣሪያና በካሚዮን ለወጡ። ልውውጡ ብዙም ሳይቆይ ቀረ፤ ኢፋው ግን በአገራችን ቀረ። ኢፋ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 125 የፈረስ ጉልበት፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ አምስት ቶን ያህል የሚጭን መኪና ነው። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ላይ ከኦራሉ ጋር ስናነጻጽር ይጠቅመናል።

ሞተሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ አራት በቀኝ፣ አራት በግራ፣ በቪ ቅርጽ የተቀመጠ። የሲሊንደሩ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 95 ሚሊ ሜትር ነው። ስምንቱ ተደምሮ ሰባት ሊትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጉልበቱ በደቂቃ 3,200 ዙር ላይ 180 ፈረስ ነው። ካምቢዮው አምስት ማርሽ ሲሆን ሁለተኛ ካምቢዮ ስላለው ለከባድ ዳገት ማርሹ ይወርዳል። የመጨረሻ ፍጥነቱ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ነው።

180 ፈረስ የተባለው ግን በባሕር ጠረፍ ከፍታ ነው። እኛ የምንኖረው ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ ያህል ጉልበት ያጣል ብላችሁ ቁጠሩ። ስለዚህ ልደታ ላይ 180 የነበረው ወደ 140 ገደማ ይወርዳል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። አባቴ «ጣርማ በር ላይ መኪናው ያለቅሳል» ይል የነበረው ይኸንን ኖሯል። እኔ ያኔ መኪና እንዴት ያለቅሳል እያልኩ እስቅ ነበር።

ሌላም ላጫውታችሁ። በሞተሩ ጎን አንዲት ትንሽ ምድጃ አለች። ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት ማሞቂያ ናት። የተሠራው ውኃ ድንጋይ ለሚሆንበት ለሳይቤሪያ ብርድ ነው። እኛ ዘንድ ለምን ትጠቅማለች? ምንም። የሻይ ማፍያ እንኳ አትሆንም። የካንዴላው ገመድ ደግሞ በብረት መረብ የተሸፈነ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ወንዝ ሲሻገር ውኃ እንዳይገባና የጦር ሬዲዮ እንዳይንጫጫ።

እግሩ

መኪናው ስድስት እግር አለው፤ ስድስቱም ይስባሉ። ጎማው 14 በ20 ይባላል። ከመሬት እስከ ዲፈረንሻሉ ሥር ያለው ክፍተት 40 ሳንቲ ሜትር ነው። በሜትር ለካሁት፤ በቆሙት ጎማዎች በኩል ያው ነው።

ትልቁ ብልሃት ግን ያለው ጎማው ውስጥ ነው። ሹፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ የጎማውን ነፋስ መቀነስና መጨመር ይችላል። በደህና መንገድ 3.2 ኪሎ ነፋስ ይይዛል። አሸዋ ወይም ጭቃ ሲገጥመው እስከ ግማሽ ኪሎ ያወርደዋል። ያኔ ጎማው እንደ ግመል ኮቴ ይሰፋል፤ አይሰምጥም። ግመል ለምን አሸዋ ላይ እንደማትሰምጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልገውም። ዊንቹ ደግሞ 65 ሜትር የብረት ገመድ የሚጠቀለልበት ሲሆን ሰባት ቶን ይጎትታል። የእኛው ገመዱ የለም፤ ከበሮው ግን አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጋቢና፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፓራውልት፣ ስፖንዳ፣ ባሌስትራ፣ ካላማዳሪያ ስንል ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። መኪናው የሩሲያ፣ ስሙ የጣሊያን፣ የጫነው የእኛ ሰው። የአገራችን የሹፌርነት ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው።

ጭነቱና ክብደቱ

የመጫን አቅሙ 4,500 ኪሎ ነው። በመንገድ ላይ አሥር ቶን ተሳቢ ይጎትታል። ባዶውን፣ ከነዊንቹ፣ 8,400 ኪሎ ይመዝናል። ይህቺን ቁጥር አስምሩባት።

ለምን ብትሉኝ፣ ያለፈው ወር የመጣው የብረት ነጋዴ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አይቶ «በዓይኔ አምስት ቶን ነው፤ በአምስት ቶን ልውሰደው» ብሎን ነበር። ብዙዎቻችንም «በቃ ይውሰደው» ብለን ልንፈርም ነበር። ብዕሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እስቲ አሁን እንቁጠር። ከ8,400 ላይ የሌለውን ነዳጅ፣ ዘይትና ውኃ ቀንሱ፤ ወደ 300 ኪሎ ነው። ሦስት ጎማ ከነቸርኬው የለም፤ ባትሪውም የለም፤ የመቀመጫው እንጨት ተነቅሏል። ያንን ሁሉ አብዝታችሁ ቀንሱ። ከስድስት ቶን ተኩል በታች ይወርዳል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ነጋዴው በዓይኑ ብቻ ከአንድ ቶን ተኩል ያላነሰ የማኅበሩን ብረት በነፃ ሊወስድ ነበር። ሰውዬውን ሌባ አላልኩም፤ ነጋዴ ነው፤ ሥራው ነው። ያላወቅነው እኛ ነን።

የውኃው ሐሳብ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። «ውኃ እናመላልስበት» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ውኃ ሲጠፋ እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሲወጡ ማየቱ አንጀቴን ስለሚበላው ነው። ግን ሒሳቡን ስሠራው እንዲህ ሆነ።

መኪናው 4,500 ኪሎ ይጭናል። የውኃ ጋኑ ራሱ ቢያንስ 900 ኪሎ ነው ብንል፣ ለውኃው የሚቀረው 3,600 ነው። 3,600 ሊትር ማለት 180 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። በማኅበራችን ያለው ቤተሰብ ሁለት መቶ ይሞላል። ስለዚህ በአንድ ምልልስ ለአንድ ቤት አንድ ጀሪካን እንኳ አይደርስም፤ ሃያው ቤት ባዶ እጁን ይመለሳል። ያ ሃያ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የደካሞቹ ቤት መሆኑን እኔም እናንተም እናውቃለን።

ነዳጁስ? የኦራሉ ሁለት ሰልባትዮ ሲደመር 360 ሊትር ይይዛል። ፋብሪካው በሜዳ፣ በዝግታ ሲነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 48 ሊትር ይጠጣል ይላል። በዚህ ሒሳብ አንድ ሙሌት 750 ኪሎ ሜትር ይወስዳል። አባቴ ግን ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ከ70 ያልፋል ይል ነበር፤ ያኔ ያው ሙሌት አምስት መቶ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ በየመብራቱ እየቆሙ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲሄዱም የሚያንስ አይመስለኝም። ደርሶ መልስ ሃያ ኪሎ ሜትር ብንል፣ ለአንድ ምልልስ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። ኢፋው ቢሆን ኖሮ ናፍጣው በጣም ባነሰ ነበር። ይኸኛው ግን የተሠራው መንግሥት ነዳጅ ለሚቀዳለት ጦር ነው፤ ለዕድርተኛ አይደለም።

ስለዚህ ሐሳቤን አንስቻለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።

ቅዳሜ የሆነው

አንድ አዛውንት አባል አሉን። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለለመኑኝ አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በየቅዳሜው የኦራሉን ጋቢና የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ኦጋዴንም ሰሜንም ነድተዋል። «አይነካ» ካሉት ወገን ዋናው እሳቸው ነበሩ።

ይህን ጥናት ስጀምር መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ዘንድ ነው። «ጋሼ፣ ሞተሩ ሞቷል ወይስ አልሞተም?» አልኳቸው። «ሳይነኩት እንዴት ይታወቃል?» አሉኝ። ከመካኒኩና ከጎሚስታው ልጅ ጋር ሆነን ስምንቱን ካንዴላ ፈታን። በየቀዳዳው ዘይት ጨምረን ሦስት ቀን ተውነው። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ከፊት በኩል በብረት ዘንግ ለመዞር ሞከርን። በመጀመሪያ እንቢ አለ። ጋሼ «ቀስ! አታስገድዱት፤ ወደ ኋላ መልሱት» አሉ። ወደ ኋላ መለስነው፤ ከዚያ ወደፊት። ዞረ። ሙሉ ዙር ዞረ። ፒስተኑ አልተጣበቀም ማለት ነው።

ጋሼ ምንም አልተናገሩም። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ጋቢናው ውስጥ ገብተው ትንሽ ተቀመጡ። ከወረዱ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «የሚሠራ ነገር ለሚሠራበት ሰው ይሰጥ። ሲፈታ ግን እኔ ልኑር፤ ብሎኑን እኔ አሳያቸዋለሁ።» እኔ ደግሞ የአባቴን ቁጥሮች ነገርኳቸው። ፈገግ ብለው «አስተምሮሃል» አሉኝ።

ማስጠንቀቂያ

ውሳኔው እስኪያልቅ ድረስ የሚከተሉትን ሁላችንም እንጠብቅ።

1ኛ. ልጆች ከመኪናው ሥር አይጫወቱ። ፍሬኑ በነፋስ ጉልበት የሚሠራ ነው፤ ነፋስ ስለሌለው አይዝም። ቦታው ተዳፋት ነው። በአራት ጎማ ሥር የድንጋይ ታኮ አድርገናል፤ ማንም እንዳያነሳው።

2ኛ. ማንም ሰው ሰልባትዮውን በእሳት እንዳይቆርጥ። ባዶ የቤንዚን ሰልባትዮ ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው። ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። መጀመሪያ ተፈትቶ መውረድና መታጠብ አለበት።

3ኛ. ጎማውን ለመንፋት የሚሞክር ልጅ ካያችሁ አስቁሙ። ቸርኬው ቀለበት አለው፤ በትክክል ካልተቀመጠ ሲነፋ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። የጎሚስታ ሥራ ነው።

ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ

ከላይ በተገለጸው መሠረት ኮሚቴው ተወያይቶ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚያቀርበው እንዲህ ነው።

1ኛ. ቤተሰቡ ሊብሬውንና መኪናው ከመንግሥት በጨረታ የተገዛበትን ደረሰኝ ፈልገው እንዲሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን። የጦር መኪና ነበርና ያለ ወረቀት ብንሸጠው ነገ ጠያቂ ሲመጣ የምንይዘው አይኖረንም። ያለ ወረቀት አንዲት ብሎን አትሸጥም።

2ኛ. ሞተሩ፣ ሁለቱ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻሎቹና ዊንቹ በቁርጥራጭ ሒሳብ አይሸጡ። ለየብቻ፣ በታሸገ ፖስታ ዋጋ ይሰጥባቸው። ሶማሌ ተራ ያሉ የመለዋወጫ ነጋዴዎችም እንዲያዩት ይጠሩ። የሚዞር ሞተርና የወደቀ ብረት አንድ ዋጋ የላቸውም።

3ኛ. የቀረው አካል ብቻ ለብረት ነጋዴ ይሰጥ። እሱም በዓይን ሳይሆን በመኪና ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ከማኅበሩ ሁለት ሰው ባለበት ተመዝኖ ይሁን።

4ኛ. ከሚገኘው ገንዘብ መጀመሪያ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተገዝቶ በግቢያችን ይተከል። ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ይሞላል፤ ውኃ በሚጠፋበት ቀን በተራ ይቀዳል። ኦራሉ ከሚያመጣው 3,600 ይበልጣል፤ ቤንዚንም አይጠጣም። ለሁለት መቶው ቤት አንድ አንድ ጀሪካን ደርሶ አንድ ሺህ ሊትር ይተርፋል። የተረፈው በቅድሚያ ለአራሶች፣ ለአረጋውያንና ለታመሙ ይሁን።

5ኛ. መሪውና የኮፈኑ ስም ያለበት ብረት አይሸጥም። በስብሰባ ቤታችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከሥሩ በዚህ ሠፈር የኖሩ፣ ካሚዮን የነዱ አባሎቻችንና ያረፉት ሁሉ ስማቸው በቀለም ይጻፋል። በየትኛው ጦርነት፣ በየትኛው መንግሥት ብለን አንከፋፍላቸውም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እህል የጫነውም፣ ግንባር ስንቅ ያደረሰውም፣ የቆሰለ ሰው ወደ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ያመጣውም ያው ሹፌር ነው። ስም ያላችሁ እስከሚመጣው ወር ድረስ ለፀሐፊው አስመዝግቡ። ዝርዝሩን ጋሼ ይቆጣጠሩታል።

ውድ አባሎች፤

ይህ ሠፈር ድሮ ቦሌ ሳይሠራ በፊት አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ሜዳ ያለበት፣ የወታደርና የሹፌር ቤተሰብ የበዛበት ሠፈር ነው። ብዙው ቤት ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፤ ብዙው ሰው ተበትኗል። የቀረን ዕድራችንና እንዲህ ያለ ጥቂት ዕቃ ነው። ዕቃውን የግድ እንያዘው አላልኩም። ምን እንደሆነ ሳናውቅ ግን አንስጠው ነው የምለው። በዓይን አምስት ቶን የተባለው ሲቆጠር ሌላ ሆኖ ተገኘ። እኔ በስሜት ያመጣሁት የውኃ ሐሳብም ሲቆጠር ሌላ ሆነ። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር እጅ ስናወጣ፣ ቆጥረን እጅ እናውጣ።

ተቃውሞ ወይም የተሻለ ሐሳብ ያለው በወረቀት ጽፎ በሰሌዳው ሥር ባለችው ሣጥን ይጨምር። መጻፍ የማይችል አባል ማታ ማታ እኔ ቤት ይምጣ፤ የሚለውን እኔ እጽፍለታለሁ፤ አንብቤም አሰማዋለሁ።

የልደታ እመቤት ሠፈራችንን ትጠብቅልን።

የማኅበሩ ፀሐፊ